የማርያም ማኅበር እናቶች ታሪክና መዝገብ አያያዝ

በደሴ፣ በሐይቅ፣ በወልድያ ወይም በላስታ ገጠር የማርያም ማኅበር የሚጠጡ፣ አራስ የሚጠይቁ፣ የተቸገረች እናት የሚደግፉ ሴቶች ታሪካቸውን ለመጻፍ ሲነሱ ቀድመው የሚገልጡት ቃለ ጉባኤውን ነው። መጀመር ያለበት ከወጪ ደብተሩ ነው። ቃለ ጉባኤ «ተወያይተን ተስማማን» ብሎ ያልፋል። የወጪ ደብተር ግን በየትኛው ወር ለስንት አራስ ቅቤና የገንፎ እህል እንደተገዛ፣ መዋጮው በየትኛው ዓመት እንደተቋረጠ፣ ማን ተበድሮ ማን እንደመለሰ ይናገራል።

ደብተሮቹ አንድ ቦታ አይገኙም። ሙሴዋ (የማኅበሩ መሪ) ቤት፣ ገንዘብ ያዥዋ ቤት፣ በሞት የተለየች ጸሐፊ ልጆች ዘንድ፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይጠየቃል። ሲሰበሰቡ በዓመት ለመደርደር አትቸኩሉ። ከአንድ ቤት የወጣው በአንድ ከረጢት ይቆይ፤ ከማን፣ መቼ እንደመጣ የሚገልጽ ወረቀትም ይግባበት። አብረው የተገኙ ወረቀቶች አንዱ የሌላውን ቀን ይነግራሉና። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደብተር አንድ መስመር መመዝገብ ነው፦ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የገጽ ብዛት፣ የደረሰበት ጉዳት። ቁጥሩ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ አይነካው። ለወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን ነው። ደብተሩ ላይ «21/3/66» ካለ ኅዳር 21 ቀን 1966 ማለት ነው፤ 21 የማኅበሩ ዕለት ስለሆነም ያስተማምናል። ቀኑ 31 ከሆነ ግን የፈረንጅ ነው፣ የኛ ወር ከ30 አያልፍምና። ወሩ 13 ከሆነ ያለጥርጥር የኛ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ደብዳቤ ላይ 1985 ቢል ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ የተጻፈው በኛ 1977 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ የተጻፈው 1978 ይሆናል።

ደብተር የሌለው ዘመን ከእናቶች አፍ ይሰበሰባል። «መቼ ተመሠረተ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ «ከረጅም ጊዜ በፊት» ነው መልሱ። «ማኅበሩ ሲጀመር የትኛው ልጅዎ ታዝሎ ነበር?» ሲባሉ ግን ወዲያው ይመጣላቸዋል። አንዲት እናት «ከ66ቱ ረሃብ በፊት፣ በዘመነ ዮሐንስ» ካሉ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው፦ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እንግዲህ 1964 ወይም 1960 ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ የታዘለው ልጅ የክርስትና ቀን ይለየዋል። ድምፅ ሲቀዳ ስልኩ በረራ ሁነታ ላይ ይሁን፣ ከአፋቸው ከአንድ ክንድ አይራቅ፤ ቡና እየተወቀጠ አይቀዳም። ከ40 ደቂቃ በላይ ማስቀመጥም ያደክማቸዋል፤ የቀረው ሌላ ቀን ይቀጥላል።

ስለተረዱ እናቶች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያለ ባል የወለደች፣ የታመመች፣ የተባረረች ሴት ስሟ በታሪኩ አይውጣ። ስሟ ያለበት ደብተር ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በሚጻፈው ታሪክ ግን ወሩ፣ የእርዳታው ዓይነትና መጠን ይበቃል። የሙስሊም ጎረቤት ቅቤ ወይም ማር ይዛ አራስ ከጠየቀች ግን ይጻፍ፣ ፈቃዷ ከሆነ ከነስሟ። ወሎ ውስጥ ይህን የዘለለ የማኅበር ታሪክ ጎደሎ ነው።

ወረቀቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ቅን ልብ ነው። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ለጊዜው ያምራል፤ ሙጫው ግን በዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ፊደሉንም ይዞ ይላቀቃል። የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ይበላል፤ ቀስ ብሎ ይነቀል። ለስላሳው የማሽን ደረሰኝ ጽሑፉ ስለሚጠፋ በደረሰ ዕለት ፎቶ ይነሳ ወይም ይገልበጥ። ክረምት የረጠበ ደብተር ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ካውያም አይነካው፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ በየጥቂት ገጹ መሐል ንጹሕ ወረቀት ይገባና ሲርስ ይለወጣል። ሁለት ቀን ታፍኖ ከቆየ ይሻግታል። ሣጥኑ የቆርቆሮ ይሁን፣ ከወለል ከፍ ይበል፤ ከዳቦና ከእህል ጋር ካደረ አይጥ ይጠራል።

ፎቶ ሲነሳ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጹ ከነጠርዙ፣ ባዶውም ገጽ ሳይዘለል። አንዱ ቅጂ ደሴ ካለ ልጅ ዘንድ፣ ሌላው ከሣጥኑ ጋር ይሁን። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወልድያንና ደሴን ሲያዳርስ እንደታየው፣ አንድ ቤት ብቻ ያለ መዝገብ ቤቱ ሲዘረፍ አብሮ ይሄዳል።

በእንግሊዝ ሜሪ ሳምነር በ1876 እ.ኤ.አ. በኦልድ አልረስፎርድ ደብር የጀመረችው የአንግሊካን የእናቶች ማኅበር፣ ማዘርስ ዩኒየን፣ መዛግብቱ ዛሬ በለንደን የላምቤዝ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። ከአንድ ደብር እናቶች የተነሣ ማኅበር ነው። የኛዎቹም ቅጂውን ለሀገረ ስብከቱ ወይም አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ከመስጠታቸው በፊት በጽሑፍ ይዋዋሉ፦ ምን ያህል ደብተር፣ የትኛው ዝግ፣ ማን ማየት ይችላል። ዋናው ከማኅበርተኞቹ እጅ አይውጣ። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከሙሴዋ፣ አንዱ ከጸሐፊዋ። ሹመት ሲለወጥ ሣጥኑ በማኅበርተኞች ፊት ተከፍቶ ደብተሮቹ በዝርዝሩ ይቆጠሩ፤ ተረካቢዋም ትፈርም።