ሪሰርች ስትጀምሩ፦ ከርዕሱ በፊት ጥያቄው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ተመራቂ ተማሪ "ርዕስ አምጣ" ሲባል ብዙ ጊዜ "የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ተጽዕኖ" ዓይነት ነገር ይዞ ይቀርባል። ይሄ በአንድ ሴሚስተር አያልቅም።

መጀመሪያ አጥብቡት። ስለ ማን? የት? ምኑን? ለምሳሌ፦ "ኮምቦልቻ ተከራይተው የሚኖሩ የፓርኩ ሴት ሠራተኞች ከደመወዛቸው ስንት እጁን ለቤት ኪራይ ይከፍላሉ?" አሁን ማንን እንደምትጠይቁ፣ ምን እንደምትቆጥሩ ታወቀ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልጠበበም። ሳምንት ቢፈጅም እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ከዚያ አንብቡ። የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው ያዙ፤ በኋላ መፈለግ ያንገበግባል። የዘመን አቆጣጠር እንዳያምታታችሁ። ፓርኩ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት ግን 2017 ይላሉ። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ በሱ ሂዱ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ገብቷል፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ ተሰርዛለች። የ2012ን ደመወዝ ከዛሬው ጋር የሚያነጻጽር ሰው እነዚህን ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ፕሮፖዛሉ ጥያቄውን፣ ምክንያቱን፣ ስንት ሰው እንዴት እንደምትጠይቁ፣ ጊዜና ወጪውን ይይዛል። መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት ለጥቂት ሰዎች ሞክሩት። "ገቢዎ በቂ ነው?" የሚለው ብዙ አይነግራችሁም። "ባለፈው ወር ለኪራይ ስንት ከፈሉ? ክፍሉን ከስንት ሰው ጋር ይጋራሉ?" ይሻላል። ከፈረቃ የወጣችን ሠራተኛ በር ላይ አታቁሟት፤ ደክሟታል። በእረፍት ቀኗ ቀጠሮ ያዙ። ስሟ እንደማይጻፍ ነግራችሁ ፈቃዷን ጠይቁ። ጊዜዋን የሰጠቻችሁ በነጻ ነው።

ስትጽፉ ከመግቢያው አትጀምሩ። የሠራችሁበትን ዘዴ አስቀድሙ፤ የሠራችሁት ስለሆነ ቶሎ ይወጣል። ቀጥሎ ግኝቱ፣ ከዚያ ውይይቱ። መግቢያውና አጭር መግለጫው መጨረሻ ላይ ይምጡ። ግኝቱ ላይ ያገኛችሁትን ብቻ አስፍሩ። የ40 ሠራተኞች መልስ የፓርኩ ሠራተኛ ሁሉ መልስ አይደለም፤ ይህንን በግልጽ ጻፉት።

ኮፒ ፔስት ይቅርባችሁ። የሰው ሐሳብ ስትወስዱ በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁም ቢሆን ምንጩን ጥቀሱ።

ረቂቁ ሙሉ እስኪሆን አትጠብቁ። ለአማካሪያችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ አስገቡ፤ አንደኛው ምዕራፍ ላይ የተያዘ ስህተት አራተኛው ላይ ከተያዘው ለማረም ይቀላል።