ከቡቲክ የገዙት ልብስ ጉድለት ሲገኝበት ገንዘብዎን እንዴት እንደሚያስመልሱ

በአዲስ አበባ ከቦሌ እስከ ፒያሳ ባሉ ብዙ የዘመናዊ ልብስ መሸጫዎች ውስጥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። አብዛኛው ገዢ ጽሑፉን እንደ ሕግ ስለሚቆጥረው፣ ለሠርግ የገዛው ሙሉ ልብስ ስፌቱ በመጀመሪያው ቀን ቢተረተር ወይም የቀሚሱ ዚፕ ገና ሳይለበስ ቢላቀቅ፣ ዕድሉን አማርሮ ዝም ይላል። ጽሑፉ ግን ሕግ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 20 እንደሚደነግገው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንስቶ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ነጋዴው በውል ቃልም ሆነ በሌላ መንገድ ራሱን ከዚህ ግዴታ ነጻ እንዳያደርግም አዋጁ ይከለክለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ። የ15 ቀኑ መብት የሚሠራው ለጉድለት ነው፤ ይኸውም ለተተረተረ ስፌት፣ ለተበላሸ ዚፕ፣ በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለሚለቅ ጨርቅ እና ይህን ለመሰለው ሁሉ ነው። ልብሱ ጠቦዎት ወይም ቤት ደርሰው ቀለሙ አልወደድ ካለዎት ግን ጉዳዩ በሱቁ መልካም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚሆን ስጦታ ሲገዙ፣ ወይም ሳይለኩ መውሰድ ግድ ሲሆንብዎት፣ «እስከ መቼ ድረስ በሌላ ቁጥር ትቀይሩልኛላችሁ?» ብለው ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፉ።

በመግዣው ሰዓት ልብሱን በሱቁ መብራት ብቻ ዓይተው አይርኩ። ወደ በሩ ጠጋ ብለው በቀን ብርሃን ይመልከቱት፤ ዚፑን ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ፤ የብብቱንና የጎኑን ስፌት በቀስታ ሳብ አድርገው ይዩ፤ ገበሩን ገልብጠው ይፈትሹ። ሻጮቹ ፊት ቢያጠቁሩ ወይም «ይሄ ዋጋው ውድ ነው» እያሉ ሊያሸማቅቁዎት ቢሞክሩ አይቸኩሉ። ዕቃ በማየትዎ ወይም በዋጋ በመከራከርዎ ብቻ የመግዛት ግዴታ እንደማይኖርብዎት፣ በነጋዴው ዘንድም በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለዎት የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 14 ያረጋግጥልዎታል። በደንበኛ አለባበስ ላይ ተመሥርቶ ማን መለኪያ ክፍል ይግባ፣ ማን አይግባ ብሎ የሚመርጥ ቤት፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ገንዘብዎ የሚገባው አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረሰኝ ሲሆን፣ የክርክሩ ግማሽ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልዎታለን» የሚለውን ግብዣ አይቀበሉ፤ የሚቀነስልዎት ገንዘብ በኋላ ለሚያጡት ማስረጃ ዋጋ አይሆንም። በደረሰኙ ላይ የሱቁ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑና ትክክለኛው ዋጋ መኖሩን፣ የዕቃው ዓይነትም እንዲሁ «ልብስ» ተብሎ ሳይሆን «የሴት ቀሚስ» ወይም «ጃኬት» ተብሎ መጻፉን ይመልከቱ። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍሉ የተቀባዩ ስም ብዙ ጊዜ የግለሰብ እንጂ የሱቁ አይሆንም፤ በመሆኑም የዝውውር ማረጋገጫው ብቻውን ከማን እንደገዙ አያስረዳም። በቴሌግራም ዓይተው የገዙ ከሆነ የልብሱን ፎቶ፣ የተነገረዎትን ዋጋና ምልልሱን በሙሉ ሳይጠፋ ያስቀምጡ።

ጉድለቱን እንዳዩ ልብሱን መልበስ ያቁሙ። አይጠቡት፤ በተለይ ወደ ልብስ ሰፊ አይውሰዱት፤ አንዴ ሌላ መርፌ ከገባበት ጉድለቱ ከሱቁ መምጣቱን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። ጉድለቱን ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ ያንሱና ቀኑን ይቁጠሩ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከገዙበት ቀን እንጂ ጉድለቱን ካዩበት ቀን አይደለም። ለበዓል የተገዛ ልብስ ሳምንት በቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚከርም፣ እንደገዙት በማግሥቱ ቤትዎ ውስጥ እንደገና ለክተው ቢያዩት መልካም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል።

ወደ ሱቁ የሚመለሱት ገበያው በማይበዛበት ሰዓት፣ በተለይም በሥራ ቀን ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የምታስተናግድዎት ልጅ ተቀጣሪ እንደሆነችና ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን ላይኖራት እንደሚችል አይርሱ፤ በእርሷ ላይ መጮህ ፍትሐዊም ጠቃሚም አይደለም። «እህቴ፣ ይህን ቀሚስ ከእናንተ የገዛሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ ደረሰኙ ይኸው። ዚፑ ከስፌቱ ለቋል። እንዲለወጥልኝ፣ ካልሆነም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ፤ ኃላፊውን አገናኚኝ» ማለት ይበቃል። «ባለቤቷ ዱባይ ናት፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ» የሚል መልስ ከተሰጠዎት፣ የባለቤቷን ስልክ ተቀብለው እዚያው ቆመው ይደውሉ፤ ይህ መመላለስ 15 ቀኑን የሚጨርስ ነውና። «በሌላ ዕቃ ይውሰዱ» ቢሉዎት የሚወዱት ካለ መቀበል ይችላሉ፤ ነገር ግን የማይፈልጉትን ልብስ፣ ይባስ ብሎም ልዩነቱን ጨምረው፣ እንዲወስዱ የሚያስገድድዎት ነገር የለም።

በቃል ካልተግባቡ ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት። የገዙበትን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ጉድለቱንና የሚፈልጉትን መፍትሔ በአንድ ገጽ ጽፈው በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለሱቁ ሰጥተው በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስቀምጡ። ለመፈረም እምቢ ካሉ ገጹን ፎቶ አንሥተው ሱቁ ለደንበኞቹ በሚጠቀምበት የቴሌግራም አድራሻ በዚያው ቀን ይላኩላቸው።

ይህም ካልሠራ ሱቁ በሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው አቤቱታ ያቅርቡ። የደረሰኙን ኮፒ፣ ፎቶዎቹን፣ የጻፉትን ደብዳቤና ልብሱን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ የተሰደቡ ወይም የተዛተብዎት ከሆነም መቼና በማን ፊት እንደሆነ ጨምረው ይጻፉ።

ሱቁ ገንዘቡን ለመመለስ ሲስማማ ልብሱን የሚያስረክቡት ክፍያው በእጅዎ ወይም በሂሳብዎ መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን። ዋናውን ደረሰኝ መልሱ ካሉዎትም ኮፒውን አስቀርተው፣ ገንዘቡ የተመለሰበትን ምክንያትና ቀን የያዘ አጭር ጽሑፍ በሱቁ ማኅተም ይቀበሉ።