ለረጅም ጊዜ የቆመ የቤንዚን መኪና ከማስነሳት በፊት

ለወራት ወይም ለዓመታት የቆመን አሮጌ መኪና አዲስ ባትሪ አስገብቶ ወዲያው ቁልፍ ማዞር ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ወደ ታች ወርዶ ስለሚያልቅ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) በደረቅ፣ አንዳንዴም በዛገ ብረት ላይ ይፋተጋሉና። ስለዚህ አስቀድመው ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ሁሉ ይፍቱ፤ በየቀዳዳው ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምረው ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ በሞተሩ ፊት ያለውን ትልቁን ፑሊ በመፍቻ ቀስ ብለው በእጅ ያዙሩት።

በነፃነት ከዞረ፣ የካንዴላውን እሳትና የቤንዚኑን መስመር አቋርጠው፣ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ በሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን በሚያስነሳው) ለአጭር ጊዜ እያረፉ ያዙሩት፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ የታመቀ አየር ሞተሩን አይጫነውም፤ የዘይት ፓምፑም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን እስከ ብሮንዚናዎቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ያደርሳል። በዚህ ጊዜ የጨመሩት ዘይት በቀዳዳዎቹ ስለሚረጭ ጨርቅ ይሸፍኑባቸው፣ ፊትዎንም ያርቁ። ካንዴላ መልሰው ሲያስነሱ ለጥቂት ደቂቃ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የተረፈው ዘይት እየነደደ ነው። አሮጌውን ቤንዚን ግን አስቀድመው ቀድተው ያስወግዱ፤ ሲቆይ ሙጫ እየሠራ ካርቡራቶሩን ይደፍናል።

ፑሊው በእጅ አልዞር ካለ በሞተሪኖም ሆነ በመግፋት አያስገድዱት፤ ፋሻ ሊሰበር ይችላልና መካኒክ ይየው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለውና እመቃውም እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ይህን ዘዴ አይጠቀሙበት።