ፍሎው ሜትር የሚያስነሳው የፓምፕ ታይመር አልጨርስ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ጣና ዳር በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስበው አትክልት ለሚያጠጡ ነው። ውሃው መምጣት ሲጀምር ፍሎው ሜትሩ ውስጥ ያለችው ምላስ ትገፋና ኮንታክቱን ትዘጋለች፣ ታይመሩ ከዛች ሰዓት ይቆጥራል፣ የሞላችሁት 40 ደቂቃ ሲያልቅ ኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትልቅ ማብሪያ) ይለቀዋል። ብሬከር፣ ኦቨርሎድ፣ ፌዝ አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው። የማወራው ስለተለመደው ክብ 8 እግር ታይመር ነው፦ መብራቱ በፍሎው ሜትሩ ኮንታክት አልፎ 2 እና 7 ላይ ይገባል፣ 8 እና 5 ደግሞ ከኮንታክተሩ ኮይል (ማግኔት ከሚሆነው ጥቅል ሽቦ) ጋር በሲሪየስ (በተርታ) ይታሰራሉ። የእናንተ ታይመር ጎኑ ላይ ሌላ ስዕል ካለው ስዕሉን እመኑ።

ታይመሩ ጭራሽ አይነሳም
ፍሎው ሜትሩ ላይ ያለችው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት ትዞር፣ በቃ። ካልሆነ ምላሷ ላይ ጭቃ ወይ የእምቦጭ ስር ተጠምጥሟል፣ ፍቱትና እጠቡት።

በ40 ሰከንድ ያጠፋል
የሰከንድና የደቂቃ መምረጫዋ አልተቀየረችም።

ፓምፑ ሲሰራ ያድራል፣ ታይመሩ አይጨርስም
ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ታይመሩን ነው የሚወቅሰው። ታይመሩ እኮ ምንም አልሆነም፤ ኮንታክቱ ለቅጽበት እንኳ ከተከፈተ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ 38 ደቂቃ ቆጥሮ ምላሷ አንዴ ብትወዛወዝ እንደገና ሀ ብሎ ይነሳል። ለደረቅ መከላከያ (ፓምፑ ያለ ውሃ እንዳይሰራ) ብላችሁ ፍሎው ሜትሩን ሆልዲንጉ (ስታርት ሲለቀቅ ኮንታክተሩን ይዞ የሚያቆየው መስመር) ላይም ከጨመራችሁት ደግሞ በዛው ምክንያት ፓምፑ በየመሃሉ እየጠፋ ያበሳጫችኋል። ሳትፈቱ ሳትቀይሩ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ የታይመሯን መብራት እዩዋት፣ በየመሃሉ ጠፍታ ከበራች ብዙውን ጊዜ ችግሩ ውሃው ውስጥ ያለ አየር ነው።

አየሩ የሚገባው ከመሳቢያው በኩል ነው። እዛ ጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያነሰ ስለሆነ ክፍተት ቢኖር ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚስበው፣ ስለዚህ "ኧረ ወንድሜ ጠብታ የለውም እኮ" ብትሉኝ አልሰማም። ፓምፑ እየሰራ የኦሞ አረፋ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ አገኛችሁት። ወራሚት በኩል አንድ ማንጎ ያለው ሰውዬ ታይመር በላይ በላዩ እየቀየረ ነበር፣ ጎማው ፓምፑ አፍ ላይ በሽቦ ነው የታሰረው! አረፋውን ቀባንለት ሽቦው ስር ፉት ብሎ ገባ። አንድ ተራ ማጥበቂያ ነው የጎደለው።

መጋጠሚያው ደህና ከሆነ ከፍታውን ለኩ። እኛ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነን፣ ባህር ወለል ላይ አየሩ ውሃ የሚገፋው እስከ 10 ሜትር ከሆነ እዚህ 8 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዛ ላይ የቱቦው መጎተት ሲቀነስ ከ5 ሜትር በላይ ሽቅብ አትሳቡ። "ጎርፍ እንዳይወስደው" ብሎ ፓምፑን ዳገት ላይ መስቀል የተለመደ ነው፣ መስከረም ላይ ይሰራል፣ ግንቦት ላይ ሐይቁ ሲሸሽ ያስቃል። ያኔ ፉት ቫልቩም (መሳቢያው ጫፍ ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው) ወደ ውሃው ፊት ይቀርብና ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይጠጣል፣ ወንፊቱን ደግሞ እምቦጩ ያንቀዋል። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከውሃው በታች ይሁን፣ ከደለሉም ከፍ ይበል።

አየር ሳይኖርም የምትወዛወዝበት አለ፦ ፍሎው ሜትሩ ክርን (የቱቦ ማጠፊያ) ላይ ተጣብቆ ሲገጠም። ዘንዘልማ ላይ ፓምፑ አፍ ላይ ክርን፣ ክርኑ ላይ ፍሎው ሜትር አድርጎ የሄደ ባለሙያ አይቻለሁ። ለ2 ኢንች ቱቦ ከፊቱም ከኋላውም 25 ሴንቲ ቀጥ ያለ ቱቦ ስጡት።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም አልፎ አልፎ ከቆረጠ ያኔ ኮንታክቱ ሲከፈት ማጥፋቱን 3 ወይ 5 ሰከንድ የሚያዘገይ ኦፍ ዲሌይ ታይመር መሃል ላይ ጨምሩ። ቀድማችሁ እንዳትጨምሩ፣ አየሩን ይደብቅላችሁና ፓምፑ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

ስታርት ሲለቀቅ ይጠፋል
ደረቅ መከላከያ ባለው ላይ ነው፣ ውሃው ገና አልደረሰም። 60 ሰከንድ የሞላ ሁለተኛ ታይመር 8 እና 5ቱን ከፍሎው ሜትሩ ኮንታክት ጋር በፓራሌል (ጎን ለጎን) እሰሩ። ኮንታክቱን በሽቦ ጃምፐር (አቋራጭ) አታድርጉ! አታድርጉ ስል የሚያደርግ አለ፣ ውሃው ሲሸሽ ፓምፑ ደርቆ ሲሰራ አድሮ ሲሉ (ዘንጉ ላይ ያለው የውሃ ማገጃ) ይቃጠላል፣ ከዛ "ፓምፑ ቻይና ስለሆነ ነው" ይባላል።

ታይመሩ ጨርሶ ፓምፑ አይጠፋም
ሞተሩን በቀጥታ በታይመሩ ኮንታክት አስነስታችሁታል፣ ኮንታክቱ ተበየደ። "5 አምፔር" የተጻፈበትን ርካሽ ታይመር ጽሑፉን አትመኑ፣ ሞተር በኮንታክተር ብቻ።

ማታ ማታ ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል
ቮልቴጅ ወርዷል፣ አጥፉና ቆይታችሁ አስነሱ።

ባለሶስት ሽቦዋ የ5 ቮልት ፍሎው ሜትር
የ220 ታይመር ላይ እንዳታስሯት፣ ወዲያው ትቃጠላለች። እሷ የምትሰጠው ትርታ ነው፣ መሃል ላይ ኮንትሮለር ትፈልጋለች።

የፍሎው ሜትሩን ክዳን ስትከፍቱ ብሬከር አውርዱ፣ በባዶ እግር ጭቃ ላይ ቆማችሁ አትንኩት፣ ስትዘጉም ጎማዋን መልሱ፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ገብቶ ኮንታክቱን አዝጎ የምታገኙት ያቺን ጎማ ሜዳ ላይ ጥላችሁ ስለሄዳችሁ ነው።