ሊጡ ኩፍ እስኪል አደይ አበባ

ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደሴ ሊጥ ቶሎ አይነሣም። ቆላ ቀመስ በሆነችው ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የእንቁጣጣሽ ድፎዋን ጋግራ ስትጨርስ የእኔ ሊጥ ገና ተኝቷል። ብዙዎች እርሾ ያበዛሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ዳቦው እርሾ እርሾ ይላል። ይልቅ የሊጡን ዕቃ ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው በጋቢ ይሸፍኑት። ውሃው እጅ የሚችለው ይሁን፤ ከፈላ እርሾውን ይገድለዋል። ሊጡን በጣት ጫን ሲያደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ኮባውንም ከማንጠፍዎ በፊት እሳት ላይ ያሳልፉት፤ ይለሰልሳል፣ አይቀደድም።

እስከዚያ ልጆች ሊጡን በየደቂቃው እየገለጡ እንዳያስቸግሩ የአሮጌውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ይስጧቸው። ጀርባውን ቢጫ ይቀቡና ሲደርቅ ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን አድርገው ይቁረጡት። ሁለት ጊዜ ለሁለት ያጥፉት፤ ከዚያ መሐሉን ጫፍ አድርገው በሰያፍ አንዴ ያጥፉት። ሰፊውን ጎን እንደ ጥፍር ክብ አድርገው ሲቆርጡ ባለ ስምንት ቅጠል አደይ ይወጣል። ሹሉን ጫፍ እንዳይነኩት! አምና ልጄ እዚያ ጋ ቆርጣ መሐሉ የተበሳ አበባ ይዛ አለቀሰች።

አበባውን ለመለጠፍ ማጣበቂያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በዝግታ እሳት እስኪወፍር ያማስሉት። ወረቀት ላይ በስሱ ይቀባል፤ ካደረ ግን ይሸታል፣ ይድፉት።