ስለ አቃቂ ወንዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ውሃችንም ጎርፋችንም ከአንድ ተፋሰስ

አቃቂ ከአዋሽ ገባር ወንዞች አንዱ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በአብዛኛው የሚያውቀው ድልድይ ሲሻገር አፍንጫውን ይዞ ቁልቁል ሲያየው ነው። ወንዙ ግን ከድልድዩ በላይም ከድልድዩ በታችም ሌላ ታሪክ አለው። ትልቁ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ ደግሞ በምዕራብ ከወጨጫ አካባቢ ተነሥተው በየመንገዳቸው ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ባንቲቀጡንና ሌሎች ጅረቶችን እየሰበሰቡ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ይህን ሁሉ አንድ ወንዝ አድርጎ ካለማየት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «አቃቂ የፍሳሽ መውረጃ ነው፤ የምንጠጣው ውሃ ከሌላ ቦታ ይመጣል» ብሎ ማሰብ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የሚይዘው የትንሹ አቃቂን የላይኛውን ውሃ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ የተሠራው ለገዳዲና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጨመረው ድሬም በትልቁ አቃቂ ራስጌ ላይ የተገነቡ ናቸው። ስለዚህ ከቧንቧችን የሚወርደው የግድብ ውሃና በድልድዩ ሥር ጠቁሮ የሚያልፈው ውሃ የአንድ ተፋሰስ ልጆች ናቸው፤ የሚለያቸው ከተማዋን ማለፍና አለማለፋቸው ብቻ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ከግድቦቹ በላይ የሚታረሰው ተዳፋትና የሚመነጠረው ዛፍ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ለገዳዲ የሚገባው ጎርፍ ግን እጅግ ደቃቅ፣ በራሱ በቀላሉ የማይዘቅጥ አፈር ይዞ ስለሚመጣ፣ ውሃው ሳይጣራ በፊት ብዙ የማጣሪያ ኬሚካል ይፈልጋል። ከደጋው ማሳ የታጠበው አፈር በአንድ በኩል የማጣሪያ ጣቢያውን ወጪ ሲያንር፣ በሌላ በኩል የግድቡን ሆድ ይሞላል።

ሁለተኛው፣ «ግድብ ካለ ጎርፍ የለም» የሚለው እምነት ነው። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ግድብ በመስከረም ሞልቶ እንዲገኝ ይፈለጋል፤ ጎርፍ የሚገታ ግድብ ግን የክረምቱን ውሃ የሚቀበልበት ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጣላሉ። ለገዳዲና ድሬ ነሐሴ ላይ ሲሞሉ ትርፉን ውሃ መልቀቅ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ግድቡን ማስተንፈስ፣ የግድ ይሆናል። ግድቡ ሊተነፍስ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲነገር በትልቁ አቃቂ ዳር የሚኖርም፣ ከብት የሚጠብቅም ሰው እንደ ተራ ዜና ማሳለፍ አይገባውም። በዚያ ላይ ግድቦቹ የሚይዙት የራስጌውን ውሃ ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ ተወርውረው መሀል ከተማውን የሚያቋርጡትን ጅረቶች የሚገታቸው የለም።

ሦስተኛው ስህተት ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ብዙ ሰው የጎርፍን አደጋ የሚመዝነው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ አይቶ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ የአቃቂ ሜዳ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ቁልቁለት ላይ አስፋልት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲጨመርበት፣ ቀድሞ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወንዙ ውስጥ ይገኛል። ቃሊቲ ላይ ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል የተነገረው በልማድ በሚሻገሩት ውሃ ለሚዘናጋ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ወንዙ ድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ሳይዘገዩ ከዳሩ መራቅ ያሻል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰው ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ በአንድ ቀን ከባድ ዝናብ የመጣ ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው፣ ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ማላከክ ነው። የወንዙን ዳር ይዞ የተሠራ ቤት፣ በላስቲክና በፕላስቲክ ጠርሙስ የታፈነ ቱቦ፣ ከግንባታ ተርፎ ወደ ወንዝ የተደፋ አፈር የውሃውን መንገድ ያጠብባሉ። ዳርቻውን በግንብ ማጠርም በአንድ ሰፈር የሚያስገኘው ጥቅም ቢኖርም፣ ውሃው እንዳይንጣለል ስለሚያደርግ በበለጠ ፍጥነት ወደ ታችኛው ሰፈር ይልከዋል። በእኔ እይታ ገንዘቡን ከግንቡ ይልቅ ሰፋ ላለ ባዶ ዳርቻ ማዋል ይሻላል። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ በበጋ ተሰነጣጥቆ የመጀመሪያውን ዝናብ ይውጣል፣ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃውን በላዩ ያስተኛዋል። በሰኔ ውሃ ያልተኛበት ቦታ በነሐሴም አይተኛበትም ብሎ ቤት መሥራት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

«የጉድጓድ ውሃ ከወንዙ ጋር አይገናኝም» የሚለውም መታረም አለበት። አዲስ አበባ ከምታገኘው ውሃ ትልቁን ድርሻ ከሚሰጡት መካከል በአቃቂ አካባቢ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ይገኙበታል። የሚቀዱት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ነው፤ ስንጥቅ ደግሞ ንጹሑንም ቆሻሻውንም ውሃ ያሳልፋል። ጥልቁ ጉድጓድ የተሻለ ከለላ አለው፤ በግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረውና ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ግን ሳይጸዳና ሳይመረመር መጠጣት የለበትም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትንና ከፋብሪካ የሚወጣን ከባድ ብረት ግን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ክምችታቸው ይጨምራል።

የመጨረሻው፣ ጉዳዩ አባ ሳሙኤል ላይ የሚያበቃ ማስመሰል ነው። 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ይህ የአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ቢጀምርም፣ ማጠራቀሚያው ደለልና እምቦጭ ያጠቃዋል። ከዚያ የተረፈው ውሃ ወደ አዋሽ ገብቶ ቆቃ ግድብ ይደርሳል። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ አዳማ የምትጠጣው ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተቀድቶ የሚጣራ ውሃ ነው፤ የወንጂ ሸንኮራም በዚያው ወንዝ ይጠጣል። ቆቃ ደለል በሞላው ቁጥር ክረምት ላይ የሚይዘው ውሃ ያንሳል፤ ያልያዘውም ውሃ በበሮቹ ተለቅቆ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ አዋሽን ተከትለው ወደሚኖሩ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች ይወርዳል።