ወር አበባ ሲዛባ፣ ሙቀት ውርር ሲያደርግ

ፔሬድ ተዛባ ከማለትሽ በፊት ቁጠሪ። ከአንዱ ወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ከ21 እስከ 35 ቀን ከሆነ ደህና ነው። የግድ 28 መሆን የለበትም።

ወር አበባ ቀረ

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ። "እኔ? አይሆንም!" ብትዪም አድርጊው። እርግዝና ካልሆነና የሦስት ወር መርፌ የምትወጊ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ደሙ ሆድ ውስጥ ተጠራቀመ የሚባለው ወሬ ነው። መርፌው የማህፀንን ግድግዳ ስለሚያሳሳው የሚወርድ ነገር የለም። መርፌውን ካቆምሽም በኋላ ለመመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። መርፌ ካልሆነ ከባድ ጭንቀት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላል። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ከ40 በኋላ እየዘለለ፣ ሲመጣ ደግሞ እየበዛ

ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሌላው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ደግሞ ያረጋጋዋል። በዚህ ዕድሜ እንቁላል የማይወጣባቸው ወራት ይበዛሉ፤ ያኔ ፕሮጄስትሮን የለም። ግድግዳው ዝም ብሎ ይወፍርና እንዳሻው ይፈርሳል። ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ዛሬውኑ ሂጂ። ሌላ ምክንያት እንዳይኖር፣ ለምሳሌ የማህፀን እጢ፣ አልትራሳውንድ ይታያል። የደም ማነስም ይለካል። ሕክምናው የፕሮጄስትሮን እንክብል ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ ሊሆን ይችላል። አይረን ከታዘዘልሽ በሻይ ወይም በቡና አትዋጪው፣ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ተዛባ ማለት አረጥሽ ማለት አይደለም። ልታረግዢ ትችያለሽ። ከ50 በላይ ከሆንሽ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆንሽ ሁለት ዓመት ያለ ወር አበባ እስኪያልፍ መከላከያ አታቁሚ።

ሙቀት ውርር ማድረግ

ሌሊት ጋቢሽን ገፍፈሽ ትነቂያለሽ። አንገትሽ በላብ ርሷል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይበርድሻል። ታይፎይድ ነው ብለሽ መድኃኒት ለመግዛት አትሩጪ። ወደ ማረጥ ስትቃረቢ ኢስትሮጅን ይወርዳል፤ ያኔ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በትንሽ ሙቀት ይደነግጥና ላብ ያዛል። ቴርሞሜትር ትኩሳት ካሳየ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ተመርመሪ።

የጥጥ ልብስ ደራርበሽ ልበሺ፣ ለማውለቅ ይመቻል። ትኩስ ቡና፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና አልኮል ብዙ ሴቶች ላይ ሙቀቱን ይቀሰቅሳሉ፤ የአንቺን ለይተሽ እወቂ። ቡናን ሁላችሁም ተዉ አልልም። እንቅልፍ ከነሳሽ የሆርሞን ሕክምና በደንብ ይሠራል። ማህፀን ላላት ሴት ግን ኢስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም፣ ግድግዳውን ያወፍረዋልና። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ያጋጠማት ሐኪሟን ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ትጠይቅ።

ካረጡ በኋላ ደም

ወር አበባ 12 ወር ከጠፋ ማረጥ ነው። ከዚያ በኋላ የታየ ደም "ልጅነቴ ተመለሰ" አያስብልም። ብዙ ጊዜ የብልት መድረቅና መሳሳት ነው። የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከተገኘ ደግሞ ይታከማል። ጠብታም ብትሆን ሁለተኛዋን አትጠብቂ። ስትሄጂ ደሙ የታየበትን ቀን፣ የመጨረሻ ወር አበባሽ መቼ እንደነበርና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ጽፈሽ ያዢ።